በ«ገ» የተጻፈው ግጥም

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ማስተማር ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ሠፈሩ ግን ዛሬም ድረስ «ቲቸር» ነው የሚለኝ፤ የቤት ሥራ የከበደው ልጅ ሁሉ የሚላከው እኔ ዘንድ ነው። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። «የምትወዱትን ሰው ስም ውሰዱ፤ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚነሱ ቃላት የበዙበት አራት ስንኝ ጻፉ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅቷ ስለ አባቷ ልትጽፍ እንዳሰበች ነገረችኝ። አባቷ ደህና ሰው ነው፤ ፒያሳ ፎቶ ቤት አለው፤ ሰው ገድሎ አያውቅም፣ እሱንም ማንም አልገደለውም። እንዲያም ሆኖ አፌ ቀደመኝና «ለምን ስለ ድመትሽ አትጽፊም?» አልኳት።

«ድመት የለኝም» አለችኝ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ይጃጃላል ወይ በሚል ዓይን እያየችኝ።

እውነቷን ነው። ስለ አባቷ ጻፈች፤ ጥሩ ግጥምም ሆነላት። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ልቤ አልተመለሰም። ይህንኑ ትምህርት በወጣትነቴ ራሴ አስተምሬዋለሁ፣ ያውም ከሞላ ጎደል በዚሁ ቃል። ከዚያ የሆነውን ለማንም በሙሉ ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ላይ አርማጭሆ ተመደብኩ። የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ አያቴም፣ የአያቴ አባትም። እናቴ ምደባዬን ስትሰማ «ሴት ልጅ ብቻዋን፣ እዚያ የጠመንጃ አገር! እስላም የሆነ ጎረቤት እንኳ በሌለበት!» ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። አባቴ ግን አልከለከለኝም። አንድ አዲስ ድስት፣ አንድ ካርቶን ቴምርና ሐላዋ ገዝቶ ከነሻንጣዬ አይሱዙ ላይ አሳፈረኝ። እስከ ትክል ድንጋይ አቧራ እየቃምን ሄድን፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ የለበሱ ሁለት የጭቃ ቤቶች ሲሆን ግቢው መሐል ትልቅ ወይራ ነበረ።

ቤት ያከራዩኝ አያ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው። በመጀመሪያው ቀን ባለቤታቸውን ጠርተው «ይች ልጅ የሰው አደራ ናት። ድስቷን የሚነካ እንዳላይ፤ ሥጋ ስትሉ ደግሞ እንዳታስቸግሯት» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስመለስ ትኩስ የድንች ቅቅል ከአዋዜ ጋር ይቀመጥልኝ ነበር። አያ ፈንታ ደም አድራቂ መሆናቸውን ሰምቻለሁ፤ ነፍስ የተጠፋፉ ወገኖችን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ማለት ነው። ይህ ሥራ በዚያ አገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ግን አልገባኝም፤ እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ያውም ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ልጅ።

አማርኛ ነበር የማስተምረው፣ ለአምስተኛ ክፍል። አርባ ተማሪ፣ አሥራ አንድ መጽሐፍ። ልጆቹ ግጥም ሲባሉ በቃላቸው የያዙትን በአንድ ትንፋሽ አንበልብለው ይቀመጣሉ። ቤት መምታትን ላስተምራቸው ብል አያስፈልጋቸውም፤ ያን ከእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው ተምረውት መጥተዋል። ስለዚህ ሌላ ነገር ላምጣ አልኩ። ቤት የሚመታው ስንኙ ሲያልቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ቃላቱ ሲጀምሩ የሚመታ ድምፅ ላሳያቸው አሰብኩ። ይህን ያገኘሁት ከማሠልጠኛው አይደለም፤ ከአባቴ ሱቅ ነው። በር ላይ ቆሞ ገዢ የሚጠራው ሰውዬ «ሻሹ ሸጋ፣ ሸማው ሸጋ፣ ሸሚዙ ሸጋ፣ ሸምቱ!» ሲል ሻሽ የማይፈልግ ሰው ሁሉ ዞር ይል ነበር።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ «በ»ን ጻፍኩና ከነስድስት ወንድሞቿ ደረደርኳት። «ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ በዚች ቤተሰብ የሚጀምር ቃል ልቀሙ» አልኩ። በማግስቱ ይዘውት የመጡትን ብታዩ! ባቄላ፣ በርበሬ፣ ብርብራ፣ ቡላ፣ ቦራ፣ በረት፣ ባላ፣ ብጥር። ሰሌዳው አልበቃ አለ። ሕጉ ቀላል ነበር፤ በአንድ ስንኝ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቃል በአንድ ፊደል ቤተሰብ ይጀምር፣ ትርጉም የሌለው ቃል ግን በጆሮው ተጎትቶ አይምጣ። አንዱ ልጅ በሳምንቱ እንዲህ ብሎ መጣ፦

ቦራው በሬያችን ባቄላ በልቶ፣
በረቱ በር ላይ ቦረቀ በርትቶ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መምህር ነኝ ብዬ ኮርቼ አላውቅም። ደስታው ራሴ ላይ ወጣና «አሁን ደግሞ የምትወዱትን ሰው ስም ውሰዱ፤ በስሙ ፊደል ጻፉለት» አልኳቸው።

እዚህ ላይ እኔ ያኔ ያላወቅሁትን አንባቢ ከወዲሁ ቢያውቀው ይሻላል።

እኔ ወደዚያ አገር ከመሄዴ ሦስት ዓመት በፊት ገላውና ዘለቀ የሚባሉ ሁለት ገበሬዎች በእርሻ ወሰን ተጣሉ። ግንቦት ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ነገሩ በጥይት አለቀ፤ ገላው ሞተ፣ ዘለቀ ወደ ቆላ ሸሸ። ገላው ሚስት፣ አንድ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ወንድ ልጅና አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ትቷል። አያ ፈንታና ጓደኞቻቸው ዓመት ሙሉ ከቆላ ደጋ ተመላልሰው ደሙን አደረቁት። ዘለቀ በየክረምቱ የራሱን መሬት ከመንካቱ በፊት የሟቹን ሚስት መሬት ሊያርስ ማለ። የገላው ወገኖች ጠመንጃ ላያነሱ ማሉ። ሦስተኛም ነገር አለ፤ የገላው ስም በሠርግም ሆነ በልቅሶ በግጥም እንዳይነሳ። በዚያ አገር ሰው ለደም የሚነሳው በግጥም ነው። አንድ አፈኛ ድግስ መሐል የሟቹን ስም በፉከራ ካነሳ፣ የሟች ልጅ የያዘውን ጉርሻ ጥሎ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ የሚመለሰው ገድሎ ወይም ሞቶ ነው። ስለዚህ ስሙን በግጥም ያነሳ እርቁን እንዳፈረሰ ይቆጠራል፤ ያው ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ሁለቱንም ወገን ይቅር ካላስባለ በቀር።

ይህን ሁሉ አገሩ ያውቀዋል፤ እኔ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም። ሊነግሩኝም አይችሉም ነበር፤ እርቁ የሚጠበቀው ባለመናገር ነውና። እኔ ደግሞ የመጽሐፍ እጥረት ስለነበረ ልጆቹን በቁመታቸው አስተካክዬ ሳስቀምጥ የገላውን ልጅ ስንዱን ከዘለቀ ልጅ ከመላኩ ጋር አንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ መጽሐፍ አስቀምጫቸው ነበር። ማንም ምነው አላለኝም። ዓመቱን ሙሉ ገጹን እየተጋሩ አነበቡ።

ስንዱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ዝምተኛ፣ እጇን ለማውጣት ሁለት ጊዜ የምታስብ ልጅ። የዚያን ሳምንት ግን ደብተሯን ሰጥታኝ አጠገቤ ቆመች፤ እስካነብ አልተቀመጠችም።

ገላው ገበሬው ጎህ ሲቀድ ገስግሶ፣
ጎተራ ሞላልን ጉልበቱን ጨርሶ፤
ጎጇችን ጎደለ ግንቦት ሊገባ፣
ገዳይ ገበያ ነው፣ ጎበዝ ጉድጓድ ገባ።

መጨረሻው ላይ ቤቱን በአንድ ቃል መምታቷን እንኳ ልብ አላልኩም። እጄ ላይ ፀጉሬ ቆመ። «ገላው ማነው?» አልኳት።

«አባቴ ነው።»

«ሞቷል?»

«አዎ። በቤታችን ስሙ አይጠራም። እርስዎ የምትወዱትን ሰው ስም ስላሉ ነው።»

ሐዘን ስለሚከብዳቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እናቴ የሞተች እህቷን ስም መጥራት አትወድም ነበር፤ እንዲያ መሰለኝ። «ገዳይ» ያለችውን ሞትን መሰለኝ። በልጅ ግጥም ውስጥ ሞት ገበያ ለገበያ ሲዞር ታየኝና እንዴት ያለ ምናብ ነው ብዬ ተደነቅሁ! ክፍል ውስጥ አስነበብኳት። ስትጨርስ ከአርባው ልጅ አንድ የተነፈሰ የለም፤ መላኩ ጠረጴዛውን ያያል። ጸጥታውን ለግጥሙ የተሰጠ ክብር አድርጌ ወሰድኩት። ልጆች የማያውቁት ምስጢር የለም፤ መምህራቸው የማታውቀው ነው የሚበዛው።

የወላጆች በዓል ደረሰ። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ከብዶ ነበር፤ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰበ። ዳቦ ተደፍቷል፣ ጠላ ተጠምቋል፣ ለእኔ የአያ ፈንታ ባለቤት በሶ በማር በጥብጠውልኛል። ወንዶቹ እንደ አገሩ ልማድ ጠመንጃቸውን ይዘው መጥተው አጥሩ ላይ ተራ በተራ አስደገፉ። ከወረዳው አንድ የትምህርት ኃላፊ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ልደብቅ አይገባኝም፤ ዓይኔ የነበረው እሱ ላይ ነው። ሥራዬን አይቶ ወደ ጎንደር ያዛውረኛል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ። ስንዱን የመጨረሻ ያደረግኋትም ሰውዬው በእሷ ግጥም አፉን ይዞ እንዲሄድ ነበር። «ገ»ን ጠንከር አድርገሽ በዪያት፣ ከደረትሽ ትውጣ ብዬ ሦስት ቀን አለማምጃታለሁ።

ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ግጥማቸውን አሉ። የቦራው በሬ ግጥም ሲባል ሰው በሳቅ ተንፈራፈረ። ከዚያ ስንዱ ወይራው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ወጣች።

«ገላው ገበሬው...»

የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ከሴቶቹ በኩል ትንፋሽ ሲሳብ ሰማሁ። እናቷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አያ ፈንታ ዝንብ የሚያባርሩበት ጭራ አየር ላይ ቆመ። ልጅቷ ቀጠለች፤ እንዳለማመድኳት፣ ከደረቷ። ሦስተኛውን ስንኝ ስትል አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አስቁሚያት አስቁሚያት የሚል ነገር መጣብኝ፤ አላስቆምኳትም።

«ገዳይ ገበያ ነው፣ ጎበዝ ጉድጓድ ገባ!»

ከዘለቀ ወገን አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «እርቁ ፈረሰ! ሰማችሁ፣ እነሱ ናቸው ያፈረሱት!» ብሎ ጮኸ። ግቢው በአንድ ጊዜ ተነሳ። የስንዱ ወንድም አዲሱ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ሃያ ቢሆነው ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀስ ብሎ፣ ሳይሮጥ፣ ወደ አጥሩ ሄዶ እጁን አንዱ ጠመንጃ ላይ አሳረፈ። ከወዲያኛው ወገን ሦስት ወጣቶች ወደዚያው ሮጡ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ክፍሎቹ በር ይጋፋሉ። ኃላፊው ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል።

አያ ፈንታ በትራቸውን ይዘው መሐል ገቡና በሁለቱ ወገን መካከል መሬት ላይ አጋደሙት። «ከዚች በትር ያለፈ ከእኔ ጋር ነው የተጣላው!» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«መምህርት፣ ይህን ማነው የገጠመው? እናቷ ናት?»

«ምን ሆነ አያ ፈንታ? ምን አደረግሁ?»

«የሞተ ሰው ስም አስነሳሽብን። ገዳዩ ያውልሽ፣ ከነልጁ ተቀምጧል።» በአገጫቸው አሳዩኝ። አያ ዘለቀ ሰው ሁሉ ሲነሳ ያልተነሳ እሱ ብቻ ነበር፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት ያያል። መላኩ አጠገቡ ነው። «በግጥም ያነሳው ሰው አሁኑኑ ድንጋይ ካልተሸከመ ከዚህ ግቢ ሬሳ ይወጣል። ልጅቷ ከሆነች ለሷ የሚሸከም ወንድሟ ነው።»

አዲሱን አየሁት። ለአባቱ ገዳይ ጎንበስ ብሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ማረኝ ሊል? ጣቶቹ አፈሙዙ ላይ ነጭ ሆነው ነበር። ያ ልጅ ከሚያጎነብስ ቢሞት ይመርጣል፤ ይህን ለማወቅ የአገሩ ሰው መሆን አያስፈልግም።

«እኔ ነኝ የገጠምኩት» አልኩ።

አያ ፈንታ አዩኝ። ዓይናቸው ረጅም ጊዜ ፊቴ ላይ የቆየ መሰለኝ። «ስሙን ከየት አመጣሽው?»

«ከስም መጥሪያው። ስንዱ ገላው ይላል። በ«ገ» ቃል ስፈልግ... ሳላውቅ ነው።»

ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «መምህርት ናት የገጠመችው ትላለች። አገሩን አታውቅ፣ ነገሩን አታውቅ።»

«ውሸት ነው!» አለ ያው ጎልማሳ። «ልጆቹ ይጠየቁ!»

አርባዎቹም ያውቃሉ። ክፍል ውስጥ ሰምተውታል፤ «የስንዱ ግጥም» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። አያ ፈንታ «ልጆች፣ የማን ነው?» ሲሉ አንድም ልጅ አልመለሰም። ያኔ ከአባቱ አጠገብ መላኩ ተነሳ።

«የቲቸር ነው» አለ። «እሳቸው ናቸው ያስጠኗት።»

የገዳዩ ልጅ እንዲህ ሲል ያ ጎልማሳ ተመልሶ ተቀመጠ። ግን አላለቀም። አዲሱ ከአጥሩ ሥር፣ እጁን ሳያነሳ፣ እህቱን ጠራ። «ስንዱ! ንገሪኝ፣ የማን ነው?»

ስንዱ ድንጋዩ ላይ እንደቆመች ነበረች፤ ማንም አውርዷት አልነበረም። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ቀጥሎ የወንድሟን እጅ።

«የቲቸር ነው» አለች፣ በጭራሽ ባላለማመድኳት ድምፅ።

አያ ፈንታ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ፈልፍለው አመጡ። ከበታቹ እርጥብ አፈርና ጉንዳን ነበረበት። ሻሼን አጠበቅሁ፤ ማጅራቴ ላይ አደረጉልኝና «ያዢው፣ እንዳይወድቅብሽ» አሉኝ በጆሮዬ። ጎንበስ ብዬ ወደ አያ ዘለቀ ሄድኩ። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጉንዳኑ አንገቴ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል፤ የሚታየኝ መሬት ብቻ ነው። እናቴ ብታየኝ ብዬ አሰብኩ፤ የዚያን ያህል ጎንበስ ብዬ የማውቀው ስሰግድ ብቻ ነው። «ሳላውቅ ያነሳሁትን ስም ይቅር በሉኝ» አልኩ። ልማዱ ሁለት ጊዜ እንቢ ተብሎ በሦስተኛው ነው የሚወርደው። አያ ዘለቀ ግን አንዴም እንቢ አላለም። ድንጋዩን አነሳልኝ። «እግዜር ይቅር ይበልሽ፣ ልጄ» አለ።

ድንጋዩን መልሰው ጫኑብኝና ወደ አዲሱ ዞርኩ። እሱ ዘንድ ስደርስ የሚታየኝ ኮንጎ ጫማውና የጠመንጃው ሰደፍ ነበር። ይቅር በለኝ አልኩ። ዝም። ደግሜ አልኩ። ዝም። ዝናቡ በትልልቅ ጠብታ ጀመረ፤ ቆርቆሮው መንኳኳት ያዘ፤ ማንም ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሦስተኛውን ስል ድምፄ ተሰበረ፤ ያኔ ለእርቁ ሳይሆን ለራሴ ፈርቼ ነበር፣ በእውነት። ሰደፉ ከመሬት ተነሳ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠመንጃው አጥሩን ሲነካ፣ ቀጥሎ ክብደቱ ከማጅራቴ ሲነሳ ተሰማኝ። ቀና ስል አዲሱ ድንጋዩን በሁለት እጁ ታቅፎ ያለቅሳል።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለኝ።

ዳቦው ተቆረሰ። ሰው ክፍሎቹ ውስጥ ተጨናንቆ እየገባ ዝናቡን እያየ በላ። ኃላፊው ጠላውን ሳይጨርስ ሄደ፤ ዝውውሬም ለሁለት ዓመት ዘገየ። ከአያ ፈንታ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። ደጃፉ ላይ ደርሰን «ሸጋ ውሸት ነው የዋሸሽው» አሉኝ፤ ይህን ነገር ሁለተኛ አንስተውት አያውቁም።

ውጤት በሚሰጥበት ቀን ስንዱ ካርዷን ከተቀበለች በኋላ ከክፍል አልወጣችም። ሁሉም ሄደው ሁለታችን ቀረን።

«ቲቸር፣ የኔ ነበረ እኮ።»

«አዎ። ያንቺ ነው።»

«እንግዲያ ምነው የኔ ነው አሉ?»

«ወንድምሽ ይሞት ነበር፣ ስንዱ። ወይም ሰው ይገድል ነበር።»

«እሱንማ አውቃለሁ።» ካርዷን አጥፋ ዘርግታ፣ አጥፋ ዘርግታ፣ «አባባን የጠራሁት አንዴ ነው፤ እሱንም የኔ አይደለም አልኩ» አለችና ወጣች።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ ስድስተኛ ክፍልም አስተምሬያታለሁ። ድርሰት ጻፊ ስትባል ትጽፋለች፣ ጥሩ አድርጋ። ግጥም ሲባል ግን ከመጽሐፉ ገልብጣ ታመጣለች። አንድ ቀን እንኳ ለምን አላልኳትም፤ ሙሉ ነጥብ እሰጣት ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አባቴ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሽበት የጀመረው ገበሬ ለሠርግ የሚሆን ጨርቅ ሊገዛ ገባ። አዲሱ ነበር። እኔ ባላውቀው እሱ አወቀኝ። አያ ፈንታና አያ ዘለቀ አርፈዋል፤ ስንዱ አግብታ ሑመራ ወርዳለች፣ ደህና ናት። ሻይ አስመጣሁለት። ስንሰነባበት አላስችል ብሎኝ «ያን ዕለት የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ምነው አላውቅ! ቤት ውስጥ ከብርድ ልብሷ ሥር ስታጠናው ሰምቻታለሁ። ሁሉም ያውቃል። አያ ዘለቀም ያውቅ ነበር።»

«ዛሬ ስሙን ባነሳው ትቀየማለህ?»

ሳቀ። «የመጀመሪያ ልጄን ገላው ብዬዋለሁ። ከብት ሲጠፋ በቀን መቶ ጊዜ ነው የምጠራው።»

ያን ዕለት ያን ባላደርግ ኖሮ የሚለውን ነገር ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። ያንኑ ነበር የማደርገው፤ በዚህ አልጸጸትም። ግን ያ ሁሉ ሰው እያወቀ፣ ሽማግሌው እያወቁ፣ ገዳዩ እያወቀ፣ የእርቁን ዋጋ የከፈለችው አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። እኔ የተሸከምኩት ድንጋይ ወዲያው ወርዶልኛል። የእሷን ያወረደላት የለም፤ የጫንኩባትም እኔው ነኝ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ለሰው ክብር ብዬ ስሞቹን ልለውጥ አስቤ ነበር። የሌሎቹን ሁሉ ለወጥኩ። የገላውን ልለውጥ ስል ግን ገበሬው፣ ጎተራው፣ ጎጆው፣ ጉድጓዱ፣ ሁሉም አብረው ይፈርሳሉ፤ ልጅቷ በደንብ ነበር ያሠረችው። ስለዚህ እሱንም እሷንም እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። በወይራው ሥር በአገር ፊት የተናገርኩትንም በዚሁ እመልሳለሁ፦ ግጥሙ የእኔ አይደለም። የስንዱ ገላው ነው።